ውሻችሁ የት መተኛት ይፈልጋል? ለጎንደር ግቢ የሚሆን የውሻ መኝታ አሰራር

ጎንደር ላይ ግቢ ያለው ሰው አብዛኛው ውሻ አለው፣ የውሻ ቤት ያሰራለትም ብዙ ነው፣ ግን ውሻው እዛ ቤት ውስጥ ተኝቶ ያየ ሰው ጥቂት ነው። ቤቱ ውስጥ አሮጌ ባልዲና የተሰበረ ወንበር ተጠራቅሞበት ውሻው ራሱ በረንዳ ላይ ጫማ መሀል ተጠቅልሎ ያድራል። ከዛ "ቤት ሰርተንለት አልገባም አለ፣ ደደብ ነው" ይባላል። ኧረ ደደብስ አይደለም። ቤቱ የተሰራው ለኛ እንዲመቸን ከሽንት ቤቱ ጎን ወይ ጓሮ መጨረሻ ላይ ነው፣ ውሻ ደሞ መኝታውን ሲመርጥ የራሱ ምክንያት አለው፣ እዛ ጥግ ላይ አንዱም አልተሟላለትም። ስለዚህ አሰራሩ የሚጀምረው ከሚስማርና ከቆርቆሮ አይደለም፣ አሁን የት እንደሚተኛና ለምን እዛ እንደሚተኛ ከማየት ነው፣ ከዛ በኋላ ያለው ስራ ቀላል ነው።

1. መጀመሪያ ተከታተሉት

ምንም ሳትገዙ አናጺም ሳትጠሩ ለአንድ ሳምንት ያህል ዝም ብላችሁ እዩት። ትልቅ ውሻ በቀን ከ12 እስከ 14 ሰዓት ይተኛል፣ ቡችላ ደሞ 18 እና 20 ሰዓት ድረስ፣ ግን እንደኛ አንዴ ጋደም ብሎ እስኪነጋ ሳይሆን እየቆራረጠ ነው፣ ትንሽ ይተኛል፣ ይነሳል፣ በሩን ያያል፣ ይዞርና ሌላ ቦታ ሄዶ ይተኛል። ስለዚህ መኝታው አንድ አይደለም፣ ሁለት ሶስት ነው። ጠዋት 1 ሰዓት አካባቢ፣ ቀን 7 ሰዓት ላይ፣ ማታ ከእራት በኋላ፣ እና ሌሊት ለሽንት ስትነሱ የት እንዳለ እዩ፣ ለማስታወስ ከከበዳችሁ በስልካችሁ ፎቶ አንሱት።

የኛ ሀገር የግቢ ውሻ ፕሮግራም ብዙም አይለያይም። ጠዋት ፀሀይ ቀድማ የምትመታው ግድግዳ ስር ነው፣ ፒያሳ በጠዋት የወጣ ሰው እንደሚያየው የመንገድ ውሾቹም አስፋልት ዳር ፀሀይ ላይ ተዘርረው ሰው ነው ዞሮ ሚያልፋቸው። ፀሀዩ ሲጠነክር ጌሾው ስር ይገባል፣ አፈሩን ጫር ጫር አርጎ ቀዝቃዛው ላይ ሆዱን ይለጥፋል። አትክልት ለተከለች እናት ይሄ ትልቅ ጸብ ነው፣ ግን ውሻው ጥላ ፈልጎ እንጂ ለማበላሸት ብሎ አይደለም፣ ሌላ ጥላ ከተሰራለት ጌሾውን ይተወዋል። ማታ ደሞ ወይ የቤቱ ደጃፍ ላይ ወይ የግቢው በር አጠገብ። ግንባታ ያለበት ግቢ ከሆነ አሸዋ ክምሩ አናት ላይ ነው ምታገኙት። ማድ ቤቱ ማታ ካልተዘጋ ደሞ በቃ ምድጃ ውስጥ፣ አመዱ ላይ፣ ጠዋት ግራጫ ሆኖ ይወጣል።

አተኛኘቱንም እዩ፣ ብዙ ነገር ይናገራል። አፍንጫውን ጭራው ስር ከቶ ክብ ሆኖ ከተኛ ሙቀቱን እየቆጠበ ነው፣ በርዶታል ማለት ነው። በጎኑ ተዘርግቶ እግሮቹን ከለቀቀ ተመችቶታል፣ ሰፈሩንም አምኗል። ሲሚንቶ ላይ ሆዱን ለጥፎ የኋላ እግሮቹን ወደ ኋላ ከዘረጋ ደሞ ሞቆታል። ተኝቶ እያለ እግሩ ሲንፈራገጥ ወይ አፉን ዘግቶ ሲያለቃቅስ ህልም ላይ ነው፣ ተዉት፣ በተለይ ልጆች በእጃቸው እንዳይቀሰቅሱት ንገሯቸው። ደንግጦ የተነሳ ውሻ ማን እንደነካው ሳያይ ሊነክስ ይችላል፣ መነሳት ካለበት ራቅ ብላችሁ በስሙ ጥሩት።

2. ለምን እዛ እንደመረጠ ግቡበት

አሁን ያያችሁትን ቦታ ሁሉ አስቡትና የሚያመሳስላቸውን ፈልጉ። ደጃፉ ላይ ለምን? በበሩ ስር የቤቱ ሙቀት ይወጣል፣ የናንተ ጠረን አለ፣ ጀርባው በበሩ ተሸፍኗል፣ ፊቱ ደሞ ወደ ግቢው በር ነው፣ ማን እንደገባ ማን እንደወጣ ያያል። አሸዋው ላይ ለምን? ከፍ ያለ ነው፣ ዝናብ ቢዘንብም ውሃው ወደታች ይሰርጋል፣ ቀን የጠጣውን ፀሀይ ማታ ቶሎ አይለቅም፣ ሲተኛበትም እንደ ሰውነቱ ቅርፅ ይሆንለታል። አመዱማ ደረቅ፣ ሙቅና ለስላሳ ነው፣ ከዛ በላይ ምን አለ።

ባጭሩ አራት ነገር ይፈልጋል፣ ደረቅ መሬት፣ ከጀርባው የሚከልለው ነገር፣ በሩን ወይ ሰዎቹን የሚያይበት ፊት፣ እና እንደ ወቅቱ ሙቀት ወይ ቅዝቃዜ። ከአራቱ ሶስተኛውን ነው ሰው ሁሉ የሚረሳው። ውሻ የቡድን እንስሳ ነው፣ ቡድኑ ደሞ እናንተ ናችሁ፣ ከናንተ ተነጥሎ ጓሮ መጨረሻ ላይ ብቻውን እንዲያድር ወርቅ ቤት ብትሰሩለት አይገባም። ጠባቂ ይሁን ብላችሁ ያመጣችሁት ከሆነ ደሞ በሩን ከማያይበት ጥግ አስገብታችሁ ምን እንዲጠብቅ ነው?

3. ቦታ መምረጥ

ያያችሁት ቦታ ለናንተም ችግር ከሌለው እዛው ስሩ፣ ችግር ካለው (ለምሳሌ ትክክል መግቢያው ላይ ከሆነና እንግዳ የሚያደናቅፍ ከሆነ) ከዛ ሁለት ሶስት ሜትር ሳይርቅ አራቱን የሚያሟላ ቦታ ፈልጉ። ብዙ ግቢ ውስጥ በጣም ጥሩው ቦታ የበረንዳው ጎን ነው፣ የቤቱ ግድግዳ ከጀርባ ሆኖ ፊቱ ወደ ግቢው በር።

ሁለት ነገር ቼክ አርጉ። አንደኛ ውሃ። ጎንደር ዳገትና ቁልቁለት ነው፣ ከሰኔ እስከ መስከረም ግቢ ውስጥ የሚወርደው ጎርፍ ቀላል አይደለም፣ በበጋ ስታዩት ደረቅ የሚመስል ቦታ ሐምሌ ላይ ቦይ ይሆናል። ዋልካ አፈር ከሆነ ደሞ ጭራሽ ውሃውን አይለቅም። ግድግዳው ግርጌ ላይ ጭቃ የተረጨበትን ምልክት እዩ፣ በየትኛው በኩል በብዛት ከተረጨ ዝናቡ ከነፋስ ጋር የሚመጣው ከዛ ነው ማለት ነው፣ የውሻውን በር ወደዛ አታዙሩት። የጣራው ጠፈጠፍ የሚያርፍበት መስመር ላይም አይሁን። ሁለተኛ የሽንት ቤትና የቆሻሻ ሽታ። የሱ አፍንጫ ከኛ በጣም ይበልጣል፣ እኛን ትንሽ የሸተተን እሱን አያስተኛውም።

4. ቤቱን መስራት

ትልቁ ስህተት ቤቱን ሰፊ ማድረግ ነው። ውሻ ቤቱን የሚያሞቀው በገዛ ሰውነቱ ሙቀት ነው፣ የሰውነቱ ሙቀት ኖርማል ከ38 እስከ 39 ዲግሪ ነው፣ ቤቱ ከሰፋ ያን ሙቀት ይበትነዋል። ጎንደር ደሞ ከባህር ወለል በላይ ከ2,100 ሜትር በላይ ነች፣ ቀን ቲሸርት የለበሰ ሰው ማታ ጋቢ ይፈልጋል፣ ታህሳስና ጥር ላይ ለሊቱ ወደ 10 ዲግሪ አካባቢ ይወርዳል። ስለዚህ ልኩ እንዲህ ነው፣ ውሻው ቆሞ ሳለ ከአፍንጫው እስከ ጭራው መነሻ በሜትር ለኩ፣ በዛ ላይ ሩቡን ጨምሩ፣ ያ የቤቱ ርዝመት ነው። ወርዱ ተጠቅልሎ ሲዞር የሚበቃው፣ ከፍታው ደሞ ራሱን ቀና ሲያደርግ ጣራውን ትንሽ የማይነካበት። ለመካከለኛ የሀበሻ ውሻ 90 በ65 ሳንቲም ወለልና 70 ሳንቲም ከፍታ አካባቢ ይበቃል። ጀርመን ሼፐርድ ወይ ክልስ ካላችሁ ለክታችሁ ጨምሩ፣ ከሰው የሰማችሁትን ሳይዝ አትውሰዱ።

በሩ ጠባብ ይሁን፣ ትከሻውን ዝቅ አርጎ የሚገባበት ያህል ብቻ፣ እና መሀል ላይ ሳይሆን ወደ አንድ ጎን አርጉት። በሩ መሀል ከሆነ ነፋሱ ቀጥታ እሱ ላይ ነው የሚያርፈው፣ ወደ ጎን ከሆነ ግን ሌላኛው ጥግ ከነፋስ ያመለጠ መኝታ ይሆናል። በሩ ላይ ጆንያ ከላይ በሚስማር መትታችሁ እንደ መጋረጃ ብትለቁለት ጥሩ ነው፣ ግን መጀመሪያ ቤቱን ይልመድ፣ መጋረጃው በኋላ ይመጣል።

ወለሉ መሬት አይንካ። አራት ብሎኬት ወይ ጠፍጣፋ ድንጋይ አስተካክሉና ከ10 እስከ 15 ሳንቲም ከፍ አርጉት፣ ስሩ አየር ይለፍ። ወለሉ ጣውላ ይሁን፣ ሲሚንቶ ላይ ዘወትር የሚተኛ ውሻ ክርኑ ላይ ፀጉሩ አልቆ ቆዳው ይደድራል፣ አንዳንዴም ውሃ ይቋጥራል፣ የከባድ ውሾች ደሞ ይብሳል።

ግድግዳና ጣራ ላይ ሰው ሁሉ ወደ ቆርቆሮ ነው ሚሮጠው። እሺ ቆርቆሮ ርካሽ ነው ትራፊም ከግንባታ አይጠፋም፣ ግን ብቻውን ከሆነ መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ምጣድ ነው፣ ታህሳስ ላይ ፍሪጅ ነው፣ ክረምት ላይ በረዶ ሲወርድበት ደሞ ድምፁ እናንተንም ያስነሳል፣ እሱማ ሁለተኛ አይገባም። ቆርቆሮ የግድ ከሆነ ከስሩ ኮምፐርሳቶ ወይ ወፍራም ካርቶን አስገቡበት፣ በመሀል ትንሽ ክፍተት ይኑር። እኔን ብትጠይቁኝ ግን ከሁሉም የሚሻለው ጭቃ ነው። በአጣና ቋሚና ማገሩን መትታችሁ፣ የጤፍ ጭድ የገባበትን ጭቃ በደንብ አቡክታችሁ መምረግ፣ ልክ የድሮ ቤት። ቀን አይግልም ማታ አይቀዘቅዝም፣ ወጪውም እንጨቱ ብቻ ነው፣ ጭቃ አቡኪ ደሞ ከሰፈር ልጆች አይጠፋም። ብቻ ሙሉ በሙሉ ሳይደርቅ ውሻ አታስገቡ፣ እርጥብ የጭቃ ቤት ከደጅ ይብሳል። ጣራው ወደ ኋላ ያዘነብል፣ ደሞ በማጠፊያ የሚከፈት ቢሆን ይመረጣል፣ ካልተከፈተ ማጽዳት ትሰለቻላችሁ፣ ከሰለቻችሁ ደሞ ቁንጫው ቤት ሰራ ማለት ነው።

ሲያልቅ መዳፋችሁን ውስጡ ላይ ዳብሱበት፣ ወጣ ያለ ሚስማር ካለ ውሻው ሳያገኘው እናንተ አግኙት። ለምስጥ ተብሎ የሚቀባው የተቃጠለ የሞተር ዘይት ደሞ ውስጥ በኩል አይነካ፣ ውሻ ይልሰዋል ቆዳውንም ያቃጥለዋል፣ ምስጥ ካስቸገረ እግሮቹን ድንጋይ ላይ ማሳረፍ ይሻላል።

5. የሚነጠፈው

አሮጌ ጋቢ፣ ያለቀ ብርድ ልብስ፣ የሶፋ ስፖንጅ፣ ሰው እቤቱ ያለውን ነው የሚሰጠው። በበጋ ችግር የለውም። በክረምት ግን ጨርቅ እርጥበቱን ጠጥቶ ይይዛል፣ ሐምሌ ላይ ጋቢ ማጠብ ይቻላል ማድረቅ ግን የት ይደረጋል? ስፖንጅ ደሞ ቡችላ ይበላዋል፣ የተዋጠ ስፖንጅ አንጀት ይዘጋል።

ደረቅ ጭድ ወይ ገለባ ይሻላል። በጭዱ መሀል ያለው አየር ሙቀቱን ይይዛል፣ ውሻውም በእግሩ እየቆፈረ ዙሪያውን ከፍ መሀሉን ዝቅ ያደርገዋል፣ ከመተኛቱ በፊት ሁለት ሶስቴ የሚሽከረከረው ለዚህ ነው። የስንዴ ገለባና የጤፍ ጭድ ጥሩ ነው። የገብስ ግን ተጠንቀቁ፣ ዛላው ላይ ያለው ሹል ፀጉር ጆሮና የእግር ጣት መሀል ይገባል፣ ሲገባ ደሞ ወደ ውስጥ እንጂ ወደ ውጪ አይመለስም። አንድ ስንዝር ያህል ሙሉለት። ጭዱ ግቢውን እያቆሸሸ ካስቸገረ ጆንያ ውስጥ ሞልታችሁ አፉን ስፉት፣ ፍራሽ ይሆናል፣ የላስቲኩን ማዳበሪያ ሳይሆን የቃጫውን ጆንያ ግን፣ ላስቲኩ እየተተረተረ ጥርሱ ውስጥ ይገባል።

6. ቁንጫ

ይሄን ረዘም አርጌ ልጻፈው፣ ምክንያቱም ብዙ ውሻ ቤቱን ጥሎ በረንዳ የሚወጣው በቁንጫ ነው። ቤቱን ወዶት የነበረ ውሻ ድንገት ከተወው መጀመሪያ ይሄን ጠርጥሩ።

ፈተናው ቀላል ነው። ነጭ ሶፍት አርጥቡ፣ ጭራው መነሻ ላይ ፀጉሩን ገለጥ አርጉና የወደቀውን ጥቁር ብናኝ በሶፍቱ ላይ አራግፉ። አፈር ከሆነ አፈር እንደሆነ ይቀራል። የቁንጫ ኩስ ከሆነ ግን ዙሪያው ቀስ እያለ ቀይ ቡኒ ይሆናል፣ የጠጣው ደም ነው። መኝታው ላይም ጭዱን ገለጥ ስታደርጉ ጥግ ጥጉ ላይ ጨውና ቁንዶ በርበሬ የተቀላቀለ የሚመስል ነገር ካያችሁ፣ ነጩ እንቁላሉ ነው ጥቁሩ ኩሱ።

ሰው የሚሳሳተው ውሻውን ብቻ አጥቦ ሲጨርስ ነው። ውሻው ላይ የምታዩት ቁንጫ ከጠቅላላው ትንሹ ነው፣ አብዛኛው እንቁላልና እጭ ሆኖ መኝታው ውስጥ፣ የወለሉ ስንጥቅ ውስጥ ነው ያለው። ስለዚህ ሁለቱን በአንድ ቀን ስሩ። ጭዱን አውጥታችሁ አቃጥሉ። ጨርቅ ካለ በፈላ ውሃ ዘፍዝፉና ጠንካራ ፀሀይ ላይ አስጡት። ቤቱን ጣራውን ከፍታችሁ ስንጥቁን ሁሉ በመጥረጊያ አውጡ፣ ቀኑን ሙሉ ፀሀይ ይምታው፣ እጩ ደረቅና ብርሃን ያለበት ቦታ አይችልም። ከሁለት ሳምንት በኋላ ድገሙት፣ ምክንያቱም ሽፋን ሰርቶ የተቀመጠው ሙሽሬ (እጩ ወደ ቁንጫ ሲቀየር ማለት ነው) የመጀመሪያውን ጽዳት ያመልጣል።

መድሀኒቱን ከእንስሳት ህክምና ግዙ። ለእህል ነቀዝ የሚሸጠውን ዱቄት ወይ የእርሻ ጸረ ተባይ ውሻ ላይ ወይ መኝታው ላይ የሚበትን ሰው አለ፣ እባካችሁ ተዉ፣ ውሻ ራሱን ይልሳል፣ መርዝ ነው የምታበሉት። ቤት ውስጥ ድመት ካለች ደሞ የውሻውን መድሀኒት ለሷ አታርጉ፣ ፐርሜትሪን ያለበት የውሻ መድሀኒት ድመት ይገላል። አመድ ላይ የሚንከባለል ውሻ አንዳንዴ ማሳከኩን ለማስታገስ ነው፣ ግን ፍሙ ያልጠፋ ምድጃ ላይ ተኝቶ ጎኑ የተቃጠለ ውሻ ስንት ነው፣ ማድ ቤቱን ማታ ዝጉት።

7. እንዲገባ ማድረግ

አትግፉት። በአንገቱ ጎትቶ ማስገባትና በሩን መዝጋት ማለት ቤቱ እስር ቤት ነው ብሎ ማስተማር ነው። ሲያጠፋም ወደዛ አታባርሩት። ይልቅ እስካሁን የተኛበትን ጨርቅ ሳታጥቡ ውስጡ አንጥፉ፣ የራሱ ጠረን ይጋብዘዋል። እራቱን መጀመሪያ በሩ ላይ፣ ሲለምድ ትንሽ ወደ ውስጥ እያስገባችሁ ስጡት። ሲገባ በስሙ አመስግኑት፣ ሲወጣ ዝም። በረንዳውን የሙጥኝ ካለ ቤቱን መጀመሪያ እዛው በረንዳ አጠገብ አስቀምጡና በየሁለት ሶስት ቀኑ አንድ እርምጃ ያህል እያራቃችሁ ወደፈለጋችሁት ቦታ አድርሱት። የጭቃ ቤት ከሆነ ቤቱ አይንቀሳቀስማ፣ ስለዚህ በቤቱ ፋንታ ምንጣፉን አንቀሳቅሱ። ልጆች ውስጡ ገብተው እንዳይጫወቱ፣ ያ የሱ ብቻ ይሁን።

8. ቤት ውስጥ ይደር ወይስ?

እዚህ ላይ ከእናቶች ጋር አልከራከርም። ውሻ ሳሎን መግባት የለበትም የሚል ቤት ብዙ ነው፣ የንስሐ አባት ጠበል ሊረጩ ሲመጡ ውሻ ሶፋ ላይ ቢያገኙ ምን እንደሚሉ ይታወቃል፣ እትዬም "እኔ በቁሜ እያለሁ!" ይላሉ። ውጪ ማደር በራሱ ጭካኔ አይደለም፣ ደረቅና ሙቅ መኝታ ካለው ጤነኛ ትልቅ ውሻ ውጪ በደንብ ያድራል። ፀጉሩ አጭርና ስስ የሆነ ትንሽዬ ውሻ፣ ያረጀ፣ የታመመ፣ እና ቡችላ ግን የጎንደርን የጥር ለሊት ውጪ ባያሳልፉ ይሻላል፣ ኮሪደር ላይ ወይ ጓዳ ጥግ ቦታ ስጧቸው።

አልጋ ላይ የምታስተኙ ደሞ አላችሁ፣ በተለይ ወጣቶቹ፣ ደስ ይላል አውቃለሁ፣ ግን ሁለት ነገር ሳታሟሉ አይሆንም። አንዱ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ነው፣ ከ3 ወር ጀምሮ ከዛ በየዓመቱ። ሁለተኛው የትል መድሀኒት፣ በየ3 ወሩ፣ ፕራዚኳንቴል ያለበት። ለበዓል ግቢ ውስጥ በግ ሲታረድ ውሃ የቋጠረ ሳንባና ጉበት ለውሻው ይወረወራል አይደል፣ ከዛ የሚያገኘው ትል እንቁላሉ በኩሱ ይወጣና ፀጉሩ ላይ ይጣበቃል፣ ከፀጉሩ ወደ እጃችሁ፣ ከእጃችሁ ወደ አፍ፣ ከዛ እናንተ ጉበት ላይ ውሃ ይቋጥራል፣ ኦፕሬሽን ድረስ ያደርሳል። የተበላሸውን ሳንባ ቅበሩት ወይ አቃጥሉት፣ ጥልቅ አርጋችሁ ካልቀበራችሁ ቆፍሮ ያወጣዋል። ክትባትና ህክምና ለሚፈልግ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ህክምና ኮሌጅ አለ፣ የከተማው የእንስሳት ጤና ባለሙያዎችም አሉ። ውሻ ከነከሰ ደሞ ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በውሃ 15 ደቂቃ ማጠብ፣ ከዛ በቀጥታ ጤና ተቋም፣ ጠበሉም አይቀርም ግን ክትባቱ ይቅደም።

ደሞ ውሻውም ሰውም ባለበት ክፍል ከሰል አንድዶ በር ዘግቶ መተኛት የለም። ጭስ ባይታይም ይገድላል፣ ውሻው ይሞቀው ብላችሁ ጓዳ ውስጥ ማንደጃ ትታችሁ እንዳትሄዱ።

9. ቡችላ ከመጣ

ቡችላ ከእናቱ 8 ሳምንት ሳይሞላው አትውሰዱ፣ እኛ ጋር በአንድ ወሩ ነው ሚነጥቁት ከዛ ሌሊቱን ሙሉ ያለቅሳል። ስትወስዱት እናቱ የተኛችበትን ቁራጭ ጨርቅ አብራችሁ ውሰዱ። የመጀመሪያዎቹን ለሊቶች በካርቶን አርጋችሁ አልጋችሁ አጠገብ አድርጉት፣ ሃይላንድ ላይ ለብ ያለ ውሃ ሞልታችሁ በካልሲ ጠቅልላችሁ ጎኑ አስቀምጡለት፣ የሚፈላ ውሃ አይደለም ለብ ያለ። ከዛ ካርቶኑን በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ወደ በሩ አስጠጉት። ሽንቱን የመያዝ አቅሙ በግምት በወር አንድ ሰዓት ነው፣ የሁለት ወር ቡችላ ከሁለት ሰዓት በላይ አይችልም፣ ስለዚህ ሌሊት ቢያንስ አንዴ ማውጣት አለ፣ አይቀርም።

የምትወልድ ውሻ ካለቻችሁ ደሞ ሳትቀድማችሁ ጨለም ያለ፣ ደረቅና ሰው የማይበዛበት ቦታ አዘጋጁላት፣ ካላዘጋጃችሁ የእንጨት ክምር ስር ወይ የቤቱ መሰረት ስር ቆፍራ ትወልዳለች፣ እዛ ሆና ቡችላ ማውጣት አይቻልም። ገና የተወለዱት የራሳቸውን ሙቀት መጠበቅ አይችሉም፣ ከብርድ የሚሞቱት ብዙ ናቸው።

10. በዓል፣ ጅብና ገመድ

ጥምቀት ሲደርስ ከተማው ሌላ ነው፣ ከበሮው፣ ድምጽ ማጉያው፣ የመኪና ክላክስ፣ ቤት ውስጥም ከየቦታው የመጣ ዘመድ። ሰርግ ከሆነ ደሞ ተኩስ አለ። ውሻ በዛን ሰሞን ጠባብና ጨለማ ቦታ ይፈልጋል፣ አልጋ ስር ወይ ጓዳ ከገባ አታውጡት፣ ራሱ ይወጣል። ከዋዜማው ጀምሮ በሩ የተዘጋ ክፍል ውስጥ ምንጣፉንና ውሃውን አስገቡለት፣ እንግዳ ሲገባና ሲወጣ በሩ ስለሚከፈት በዛው ሰሞን የሚጠፋ ውሻ ብዙ ነው።

ከተማው ዳር ያላችሁ ደሞ አያ ጅቦን አትርሱ። አጥር በሌለው ቦታ ውሻ ገመድ ላይ አስሮ ማሳደር ለጅብ እራት ማቅረብ ነው፣ የተፈታ ውሻ ቢያንስ ይሮጣል። ማሰር የግድ ከሆነ አጥር ያለው ግቢ ውስጥ፣ በሁለት ምሰሶ መሀል ሽቦ ወጥራችሁ ሰንሰለቱን በቀለበት አንሸራትቱበት፣ እስከ መኝታው ውስጥ ድረስ የሚያስገባው ይሁን። ምሰሶው ላይ ተጠምጥሞበት ከመኝታው ሁለት ክንድ ርቆ ዝናብ የመታው ውሻ አይታችሁ ታውቃላችሁ፣ እንደዛ አይሁን።

11. መኝታ ከቀየረ

ወቅት ሲቀየር ቦታ መቀየሩ ኖርማል ነው፣ መጋቢት ላይ ቤቱን ትቶ ጥላ ቢፈልግ ጭዱን ቀንሱለት እንጂ አትጨነቁ። የሚያሳስበው ሌላው ነው። በብርድ ቀን ቀዝቃዛ ሲሚንቶ ከፈለገ ትኩሳት ሊሆን ይችላል። ለመተኛት እየሞከረ እየተነሳ፣ ደግሞ ጋደም እያለ ደግሞ እየተነሳ ካደረ ሆዱን ወይ መገጣጠሚያውን አሞታል። ያረጀ ውሻ ደረጃ መውጣት አቁሞ ታች መተኛት ከጀመረ መኝታውን ታች አውርዱለት፣ ምንጣፉንም ወፍራም አርጉት። ሁልጊዜ ተጫዋች የነበረ ውሻ ድንገት ጨለማ ጥግ ገብቶ ከተደበቀ፣ ለሀጩ ከተዝረከረከ፣ ሰው ሲጠጋው ያለ ምክንያት ከተናከሰ ግን አትንኩት፣ ልጆችን አርቁ፣ በሩን ዝጉበትና የእንስሳት ሀኪም ጥሩ፣ የእብድ ውሻ በሽታ ሊሆን ይችላል።

ሁሉንም አሟልታችሁም አንዳንዱ ውሻ ባጃጁ ስር ወይ መኪናው ስር መተኛቱን አይተውም፣ ሞተሩ ማታ ሞቅ ብሎ ስለሚገባ ነው። ይተኛ፣ ግን ጠዋት ሹፌሩ ከማስነሳቱ በፊት ኮፈኑን በእጁ ጠፍ ጠፍ አርጎ፣ ጎንበስ ብሎ ጎማዎቹን በአራቱም በኩል ይይ፣ ቡችላ ካለ ደሞ ሁለቴ ይይ።